ኢንሱሊን እየወሰዳችሁ ረጅም ርቀት የምትሮጡ፣ እስኪ እርዱኝ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፤ ጠዋትና ማታ ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ቀስ ብሎ ለሰዓታት የሚሠራውን ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከመስቀል በኋላ ከማርቆስ እስከ ደጀን፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ልሮጥ ነው። የሚሰበሰበው ብር ስኳር ላለባቸው የገጠር ልጆች የመለኪያ ስትሪፕ መግዣ ነው። (የስትሪፕ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል።)

እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሰላም ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኤንፒኤች የሚበረታው ከተወጉ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ ያለችው ሉማሜ ስቃረብ የደም ስኳሬ ከ70 ሚግ/ዴሊ በታች ይወርዳል። ላብ ያጠምቀኛል። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የደሟን ጠብታ እንኳ ስትሪፑ ጫፍ ላይ ማሳረፍ ያቅተኛል። በሶ በማር ሞከርኩ፤ ቶሎ አይደርስልኝም። ስኳር በውሃ ይሻላል፣ ግን ሆዴን ይረብሸዋል።

ሐኪሜ የኢንሱሊኑን መጠን ቀነሰልኝ። ያኔ ደግሞ ገና መሮጥ ሳልጀምር ስኳሬ ከ300 በላይ ሆነና ሩጫው ቀረ። ይህን ያህል የሚሮጥ ታካሚ ገጥሞት እንደማያውቅ በግልጽ ነግሮኛል፤ የሌላ ሯጭ ልምድ ካገኘሁ አብረን እናየዋለን።

ኤንፒኤች የምትወስዱ ሯጮች፣ ረጅም ሩጫ ባላችሁ ቀን የጠዋቱን መርፌ መሮጥ ከመጀመራችሁ ስንት ሰዓት በፊት ነው የምትወጉት?