ደንበኞቼን ኦንላይን ሻጮች እየወሰዱብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አማክሩኝ። ፋርማሲስት ነኝ፤ አነስተኛ መድኃኒት ቤት አለኝ። በሐኪም ማዘዣ ከሚሸጠው የሚገኘው ትርፍ ድሮም ስስ ነው። ቤቱን ደግፎ የያዘው ቫይታሚኑ፣ የቆዳ ቅባቱና የሕፃናት ዳይፐሩ ነበር። አሁን እሱ ገበያ ወደ ኦንላይን ሄደ። እኔ ከአከፋፋይ ከምረከብበት ባነሰ ዋጋ ሲሸጡት አያለሁ። ሰው ይመጣል፣ የትኛው ቅባት እንደሚስማማው ይጠይቃል፣ አስረዳዋለሁ። ከዚያ የማሸጊያውን ፎቶ አንስቶ ይወጣል።

ምክሩን ልከልክል ብል ደግሞ ሕሊናዬ እሺ አይለኝም። በቅርቡ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስዱ አንድ አባት ለጉልበታቸው ሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌን ሊገዙ መጡ። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደም የመፍሰስ አደጋ ይጨምራል። ሌላ ምን እንደሚወስዱ ባልጠይቃቸው ኖሮ ይዘውት ይሄዱ ነበር።

በዋጋ መፎካከሩ አያዋጣኝም። ያሰብኩት የደም ግፊትና የስኳር ልኬት በክፍያ መጀመር፣ ለቋሚ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን እቤት ድረስ ማድረስ ነው። ግን ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። በሞተር ሳይክል እንዴት እንደምልከው ግራ ገብቶኛል።

ከሌሎች መድኃኒት ቤቶች ጋር ተባብሮ በጅምላ የገዛ አለ? ለምክር አገልግሎት ያስከፈላችሁስ፣ ደንበኛ አልሸሸባችሁም?