ክርክር፦ ለእኛ መንገድና ለእኛ ናፍጣ ባለ ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ያገለገሉ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አግኝቻለሁ። አንዱ 5ኤል የሚባል ሞተር ያለው ነው፣ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። ሌላው 1ኬዲ፣ ዲፎርዲ የሚሉት ባለ ቱርቦ። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። ሥራዬ ከደጀን ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ማስገባት ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አስታምሞ መያዝ ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቱርቦ ከነካህ ሞተር ታወርዳለህ» ይለኛል። እውነት ነው?

የደሴ መስመር ሹፌር፦ እውነት ነው ልጄ፣ 5ኤሉን ያዝ። የናፍጣ ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ጣርማበር ላይ ብትቆም እንኳ ቁልፍ የያዘ መካኒክ ይደርስልሃል። ናፍጣው ትንሽ ቢቆሽሽም እያጨሰ ቤትህ ያገባሃል። የእኔ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ራዲያተሩ እያፈሰ ዝም ብዬ በመንዳቴ። የሞተሩን የታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) ብቻ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይር።

ጋራዥ የምሠራው፦ ጋሼ፣ ስለ 5ኤል በተናገሩት ክርክር የለኝም። «ቱርቦ ሞተር ይገድላል» የሚለውን ግን አልቀበልም። በቅርቡ አንድ 1ኬዲ ቱርቦው ሞቷል ተብሎ መጣልኝ። ባለቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ቱርቦ ከሶማሌ ተራ ገዝቶ አስገጥሟል። እኔ ቱርቦውን ሳልነካ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ኮፓ አወረድኩ። የዘይት መሳቢያው ወንፊት ቡና ያረረበት ምጣድ መስሏል፤ በጥፍሬ ስፍቀው ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ወጣ። ከየት መጣ? ናፍጣ ከሚረጨው ኢንጄክተር ሥር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) ስትበላ ከሲሊንደሩ ትኩስ ጋዝ እየሾለከ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ወንፊቱን ይደፍናል። ቱርቦ ደግሞ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ በስስ ዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ዘይት ሲቋረጥ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ስለሆነ ስሙ ይጠፋል። ቆይቶ ኮሎውም (ፒስቶኖቹ የሚያሽከረክሩት የሞተሩ ዘንግ) ይበላል። ለዚያ ሰው ሦስተኛ ቱርቦ ቢገጠምለትም ይሞትበት ነበር፤ የሚያስፈልጉት አራት ሮንዴላዎች፣ የታጠበ ወንፊትና አዲስ ዘይት ነበሩ። ይህን ያህል ገንዘብ ሲባክን ሳይ ያናድደኛል።

1ኬዲ የነበረኝ፦ የእኔ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። ናፍጣ ጠፍቶ ሰልፉ አልደርስ ሲለኝ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ፣ እንደ መዶሻ የሚቀጠቅጥ ድምፅ። «ይለቃል» እያልኩ ነዳሁት። ሲከፈት አንዱ ኢንጄክተር እንደ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ ሥሩ ያለው ፒስቶን ተሰንጥቋል። ሞተሩን ለማሠራት ያወጣሁትን አሁንም እየከፈልኩ ነው።

ጋራዥ የምሠራው፦ አይዞህ ወንድሜ። የ5ኤል ናፍጣ መርጫ ኖዝል ከ200 ባር በታች በሆነ ግፊት ነው የሚከፍተው። ዲፎርዲ ግን ናፍጣውን ከ1,300 ባር በላይ አፍኖ ነው የሚረጨው። እዚያ ላይ ውሃ ወይም ደቃቅ አቧራ ከገባ ኢንጄክተሩን ይበላዋል። ድምፁ የተቀየረ ዕለት ማቆም ነው።

የደሴ መስመር ሹፌር፦ ታዲያ አንተው መሰከርክልኝ እኮ! ንጹሕ ናፍጣ፣ በሰዓቱ የሚቀየር ዘይት፣ የሚያውቅ መካኒክ ይፈልጋል ማለትህ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚሠራ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ የት ያገኛል?

ጋራዥ የምሠራው፦ ይህን አልክድም ጋሼ። ገጠር ለገጠር የሚዞር ቢሆን እኔም 5ኤል እለው ነበር። ግን የዚህ ልጅ መንገድ ዓባይ በረሃ ነው። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ አለ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጤፍ ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ሲታፈን፣ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ሙቀቱ ሲወጣ ቴስታታው ነው የሚጎዳው። ቱርቦ የሳሳውን አየር አጭቆ ስለሚሰጥ ያንን ዳገት ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ብቻ ጎሃ ጽዮን ለምሳ ሲቆም ቁልፉን ወዲያው አይንቀል፤ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተወው። በጋለ ቱርቦ ውስጥ የቆመ ዘይት ያርራል።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ የ1ኬዲውን ባለቤት ኮፓው ይውረድልኝና ወንፊቱን ልይ እለዋለሁ፤ ወጪው በእኔ። እምቢ ካለ 5ኤሉን እወስዳለሁ።

የደሴ መስመር ሹፌር፦ ጥሩ አስበሃል። የ5ኤሉንም ራዲያተር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፈተው። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ካየህ፣ ወይም ሲነሳ አረፋ ከበዛ፣ ዋጋ እንኳ ሳትጠይቅ ጥለኸው ሂድ።