በባዮሎጂ ዲግሪ ወደ ተፋጠነ የነርሲንግ ትምህርት፦ ከጎንደር ሳልወጣ ምን ልጨርስ?

ጥያቄ፦ የአዘዞዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር አዘዞ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በ2008 ዓ.ም. ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከዚያ ወዲህ ጠመኔ ከእጄ አልወጣም። ባለቤቴ የሚኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነው። የእኔና የአራት ዓመት ልጃችን ቪዛ ተመትቷል፤ ለመሄድ ሦስት ወር ቀርቶናል።

እዚያ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው ሰው ከ12 እስከ 18 ወር የሚያልቅ የተፋጠነ የነርሲንግ ዲግሪ እንዳለ ከሰማሁ ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ባለቤቴ «ዝም ብለሽ ነይ፣ ሌላው እዚህ ይደረሳል» ይለኛል። እኔ ግን ባሕር ማዶ ሆነው አንዲት ወረቀት ለማስወጣት ዘመድ ሲያስለምኑ የከረሙ ጓደኞች ስላሉኝ አላመንሁትም።

ከዚህ ይዤ መሄድ ያለብኝ ምንድን ነው? በዲግሪዬ በቀጥታ እገባለሁ ወይስ ሌላ ኮርስ ይጠብቀኛል? እየሠራሁ መማርስ ይቻላል? አማካይ ውጤቴ 2.9 ነው። አንድ ተጨማሪ ጣጣም አለብኝ፤ ስሜ በፓስፖርቴ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ በትራንስክሪፕቴ ላይ በአንድ «ኤስ» ነው የተጻፈው።

መልስ፦ ሲስተር ከኦሮራ

እህትዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔም የቀበሌ 18 ልጅ ነኝ፤ እዚሁ በተፋጠነው መንገድ ነው ነርስ የሆንሁት። ባለቤትሽን በሌላው ነገር ስሚው፣ በዚህ ግን አትስሚው። እዚህ የሚደረስ ብዙ ነገር አለ፤ የሬጅስትራር ማኅተም ግን እዚህ አይደረስም።

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የእኛን ትራንስክሪፕት ራሳቸው አይተረጉሙም። እንደ ዌስ ያለ ገምጋሚ ድርጅት በእነሱ ነጥብና ክሬዲት አስልቶ እንዲልክላቸው ይጠይቃሉ። ግምገማው ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ዲግሪሽን ብቻ መዝኖ «ይህን ያህላል» ይላል፤ ለነርሲንግ አይጠቅምሽም። አንቺ የሚያስፈልግሽ እያንዳንዱን ኮርስ ለየብቻ የሚመዝነው ነው። ከዚህም ከዚያም ሳትሮጪ አስቀድመሽ በገምጋሚው ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበሽ የማመልከቻ ቁጥር ያዢ። ከዚያ ቁጥሩን ለሬጅስትራር ስጪ፤ ምክንያቱም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት፤ ከአንቺ እጅ አይቀበሉም።

የወጪ መጋራት ዕዳሽ ካላለቀ ግን ይህ ሁሉ አይጀመርም። ዕዳው ተከፍሎ ካላለቀ ዋናው ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም አይወጣም። ከደመወዝሽ ሲቆረጥ ከነበረ፣ የተቆረጠው ሁሉ ለገቢዎች መግባቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ከትምህርት ቤትሽ ሒሳብ ክፍል አጽፊ። ብዙ ሰው የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ ደብዳቤው ሳይኖር።

በተጨማሪ የወሰድሻቸውን ኮርሶች ይዘት የሚዘረዝር ማኅተም ያለበት ሰነድ ያዢ። አንድ ኮሌጅ የእኔን «የሰው አካል ባዮሎጂ» ከአናቶሚ ጋር ማወዳደር ሲፈልግ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመሰናዶና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የልጅሽ የልደት ሰርተፊኬት አይቅሩ።

ስምሽን በተመለከተ፣ እዚህ ሁሉም ነገር የሚከተለው ፓስፖርቱን ነው። ሬጅስትራር ኦፊሻሉን በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲያወጣልሽ በጽሑፍ አመልክቺ። እንቢ ካሉሽ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ከፍርድ ቤት ያዢ።

እስኪ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ስመጣ አንድ ኮሌጅ በእጄ እንዳስገባ የፈቀደልኝ የታሸገ ፖስታ ነበረኝ። በመሄጃዬ ሌሊት እናቴ ሻንጣዬን ስታስተካክል «ውስጡ ሳይታይ ባሕር አይሻገርም» ብላ በቢላ ጫፍ ከፍታ አየችው። አይታም አልተወችውም፣ በሙጫ መልሳ ለጠፈችው። ክዳኑ ላይ ያረፈው ክብ ማኅተም ግን ግማሹ ከግማሹ በስንዴ ቅንጣት ውፍረት ተዛነፈ። የኮሌጁ ተቀባይ ልጅ አውራ ጣቷን በማኅተሙ ላይ አንድ ጊዜ አስኬደችና ፖስታውን መለሰችልኝ። ሌላ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅሁ። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት የታሸጉ ቅጂዎች አስወጪ።

መልስ፦ ቆጣቢው

ሰላም እህቴ። እኔ ዴንቨር ነኝ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሒሳቡን የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

«አንድ ዓመት ተኩል» የሚባለው ከገባሽ በኋላ ያለው ነው። ከመግባትሽ በፊት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሁለት ወሰነ ትምህርት ከነላቦራቶሪው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ ብዙ ጊዜም ኬሚስትሪ፣ የሥነ ምግብና የዕድገት ሥነ ልቦና ይጠየቃሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቆጥሩም። የአንቺ ከዚያ አልፏል፤ ስለዚህ ዲግሪሽ በሩን ይከፍትልሻል፣ ኮርሶቹን ግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ክፍያው ባነሰው የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ እንደገና ትወስጃለሽ። አትዘኚ፣ ለ2.9 መድኃኒቱም ይኸው ነው። አብዛኞቹ 3.0 ይፈልጋሉ፤ በአዲሶቹ ኮርሶች ኤ ስታመጪ ማመልከቻሽ ሌላ መልክ ይይዛል። ቲስ የሚባል የመግቢያ ፈተናም አለ፤ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ። ለአስተማሪ ቀላል ነው፣ ሰዓቱ ነው የሚያጥረው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ኮሎራዶ ውስጥ 12 ወር ሳትኖሪ የነዋሪ ክፍያ አታገኚም፤ የውጭው ክፍያ ደግሞ ወገብ ይሰብራል። የመኪና ምዝገባ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት በስምሽ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይኑርሽ፤ ነዋሪነትሽን የምታሳዪው በእነዚህ ነው። ግሪን ካርድ ስለሚኖርሽ ፋፍሳ የሚባለውን የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሞልተሽ የመንግሥት የትምህርት ብድር መጠየቅ ትችያለሽ። የማይመለሰው ፔል ግራንት ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው የጎንደርም ቢሆን።

እዚህ ላይ «ዲግሪሽን ደብቂና ግራንቱን ብዪ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ ቡና ተፈልቶ ነው የሚመክርሽ። የምትፈርሚው ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ ነገ ዜግነት ስትጠይቂ የዋሸሽው ፊርማ ይጠብቅሻል። ደግሞስ ዲግሪውን ደብቀሽ በዲግሪው ልትገቢ?

መልስ፦ የደብረ ታቦሩ

ሁላችሁም ስለ መግባት አወራችሁ። እኔ ገብቼ የወጣሁ ነኝ፣ ሳልጨርስ። ስለዚህ የእኔንም ስሚ።

የተፋጠነው ማለት የአራት ዓመቱ በግማሽ ተቀንሶ አይደለም፤ ያው ሸክም በአጭር ገመድ ታስሮ ነው። ክሊኒክ፣ ማለትም የሆስፒታል ልምምድ፣ ባለበት ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳ ነበር። የመኪናውን መስታወት በረዶ ፍቄ፣ ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጎረቤት አስረክቤ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ሆስፒታል፤ መውጫው ምሽት 1 ሰዓት። ማታ ለነገው በሽተኛ የእንክብካቤ ዕቅድ ይጻፋል። ያኔ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እነዳ ነበር። ፋርማኮሎጂ 74 አመጣሁ፤ የትምህርት ቤቱ ማለፊያ 75 ነበር። በአንድ ነጥብ ተባረርሁ፣ ብድሩ ግን አልተባረረም።

ከዚያ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን የነርሲንግ ዲግሪ ተማርሁ። ክፍያው እጅግ ያነሰ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚፈተኑት ደግሞ ያው ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው። ኮምፒውተሩ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ይሰጥሻል፤ የየት ተማሪ እንደሆንሽ አይጠይቅሽም። ዛሬ ከተፋጠነው ከወጡት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የባችለሩን ቀሪ እየሠራሁ በኢንተርኔት ጨረስሁት።

አትግቢ አልልሽም። ሌሊቱን 11 ሰዓት ላይ ልጅሽን የሚቀበል ሰው ሳታገኚ ግን አትግቢ። ባለቤትሽ የሌሊት ሥራ ነው የሚሠራው የቀን? ከክፍያው በፊት እሱን ጠይቂ።

መልስ፦ ሲስተር ከኦሮራ

የደብረ ታቦሩ ወንድሜ ያለው እውነት ነው፤ እኔ ያለፍሁት እናቴ መጥታ ልጅ ስለያዘችልኝ ነው። አንድ ልጨምር፤ በመጀመሪያው ዓመት፣ ነዋሪነትሽ እስኪቆጠር ሲኤንኤ፣ ማለትም የምስክር ወረቀት ያላት የነርስ ረዳት፣ ሁኚ። በሕግ ዝቅተኛው ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፣ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። አዛውንት ታጥቢያለሽ፣ ታገላብጫለሽ፣ ትመግቢያለሽ። ያን ወደሽ ከቆየሽ ነርስነቱም ይሆንሻል፤ ከጠላሽው ደግሞ ሳትበደሪ አወቅሽ ማለት ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ የጎንደሩ ትምህርት ቤት ገና የጤና ኮሌጅ እየተባለ በሚጠራበት ዘመን የተማርሁ ነርስ ነኝ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከንጽሕና ባለሙያዎች ጋር ያሠለጥን ነበር፤ በእግርና በበቅሎ ወደየገጠሩ የሚወጡ። ይህን የምነግርሽ ከተማሽ ለዚህ ሙያ ባዳ እንዳልሆነች እንድታውቂ ነው።

ወጣቶቹ የዘነጉት ክትባቱን ነው። የነርሲንግ ትምህርት ቤት ያለ ክትባት ማስረጃ ክሊኒክ አያስገባም። የጉበት ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በወር፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ይወሰዳል። አንቺ ሦስት ወር ስላለሽ አሁን ደምሽን ተመርመሪና ከሌለብሽ ጀምሪ፤ ሦስተኛውን እዚያ ትወስጃለሽ። አዲስ አበባ በስደተኞች ድርጅቱ በአይኦኤም ለቪዛው ስትመረመሪ የሞሉልሽን የክትባት ቅጽ ግልባጭ እንዳትጥዪው።

ሌላው የሳንባ ነቀርሳ ነው። በሕፃንነትሽ ቢሲጂ ተከትበሻል፣ ክንድሽ ላይ ጠባሳው አለ። በቆዳ ሥር የሚወጋውን ምርመራ ካደረጉልሽ ያለ በሽታ ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ ኤክስሬይ ነው፣ ጭንቀት ነው። የደሙን ምርመራ ጠይቂያቸው፤ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የጉበቱን ምርመራ አድርጌ ነፃ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ክትባት ትናንት ተወጋሁ።

የወጪ መጋራቱ እንደተባለው ሆነ። ከደመወዜ ተቆርጦ አልቋል ብዬ ስኮራ፣ መዝገቡ ሲገለጥ የሦስት ወር ቅናሽ በሌላ መምህር ስም ገብቶ ተገኘ። የሒሳብ ሠራተኛዋ የድሮ የደመወዝ ዝርዝር ከአቧራ ውስጥ አውጥታ በእርሳስ እያሰመረች አገኘችልኝ። ደብዳቤውን በሳምንቱ ያዝሁ። ስሜ በፓስፖርቴ አጻጻፍ እንዲወጣ አመልክቼ ተፈቀደልኝ፤ የኮርሶቹ ይዘት ግን ከትምህርት ክፍሉ ገና አልደረሰኝም።

ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ የሌሊት ነው የሚሠራው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ሲኤንኤና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብለን ተስማምተናል። የተፋጠነው ወይስ የሁለት ዓመቱ የሚለውን አናቶሚን ካለፍሁ በኋላ እንወስናለን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ስለ ብርዱ ነው፤ ጎንደር የለመደ ሰው እዚያ ምን ይገጥመዋል?

መልስ፦ ቆጣቢው

ከፍታው አያስቸግርሽም፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ ጎንደር ከ2,000 በላይ። ሰው «አየሩ ሳሳ» ሲል አንቺ ትስቂያለሽ። በረዶው ግን ሌላ ነው። ጋቢ ያዢ፣ ለቤት ውስጥ። ካፖርትና ጫማ ከዚያ አትግዢ፣ ለዚህ ብርድ አይመጥንም፤ በኪሎው ምትክ በርበሬና ሽሮ አስገቢ። ወረቀቱን ሁሉ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳታደርጊው።

የጠያቂዋ ምላሽ

እሺ። ሦስቱ የታሸጉ ፖስታዎች ዛሬ ወጥተዋል። እናቴ ጋ አይደሉም፤ ትምህርት ቤት፣ ቁልፍ ባለው መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።