ተማሪዎቼ ጂኦሜትሪን የሚሸሹት ከትምህርቱ ክብደት ነው ወይስ ከማስተማሪያ ዘዴዬ?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ደሴ
ሰላም፣ የሙያ ባልደረቦቼ። አልጀብራ ስናስተምር እጃቸውን የሚያወጡ ተማሪዎቼ ክብና ጎነ ሦስት ላይ ስንደርስ አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ የተማርሁት መምህሩ ቲዎረሙንና ማረጋገጫውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እየገለበጥሁ ስለነበር፣ ሳላስበው እኔም እንደዚያው አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ በግማሽ ክብ ውስጥ የሚሠራ ዘዌ (ጫፉ ክቡ ላይ ሆኖ ጎኖቹ በዲያሜትሩ ሁለት ጫፎች የሚያልፉ አንግል) 90 ዲግሪ መሆኑን ከነማረጋገጫው ቃል ሳታዛንፍ ጻፈችልኝ፤ ሥዕሉን ገልብጬ በሌሎች ፊደላት ስሰይመው ግን «ይህንን አልተማርነውም» አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የመምህራን ኮሌጅ አሠልጣኝ
መምህር፣ የሥዕሉ መገልበጥ ነገሩን ሁሉ ይናገራል። ኔዘርላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ ጌልዶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቧቸው የዶክትሬት ጥናቶች፣ የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ ቅርጽን በመልኩ ከመለየት ተነሥቶ፣ ባሕርያቱን ወደ መዘርዘር፣ ከዚያም እርስ በርስ ወደ ማያያዝ፣ ቀጥሎም ወደ ማረጋገጥ በእርከን እንደሚያድግ አመልክተዋል። መምህሩ በላይኛው እርከን ቋንቋ ሲናገር ገና ከታች ያለው ተማሪ መሸምደድ ብቻ ይቀረዋል፤ የሸመደዱትን መውደድ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ከቲዎረሙ በፊት የባልዲ ክዳን ዙሪያውን በወረቀት ላይ ያስነድፏቸውና የክቡን ማዕከል ፈልጉ ይበሏቸው። የደብተራቸውን ጥግ ክቡ ላይ ሲያሳርፉ፣ የደብተሩ ሁለት ጠርዞች ክቡን የሚቆርጡባቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ዲያሜትር ነው፤ ጥጉን ሌላ ቦታ አሳርፈው ሲደግሙት መስመሮቹ ማዕከሉ ላይ ይገናኛሉ። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከእነርሱ አፍ ከወጣ በኋላ ማረጋገጫው ተፈላጊ ይሆናል።

መልስ፦ የ10ኛ ክፍል መምህርት
ሐሳቡ መልካም ነው፤ የእኔ ክፍል ግን 70 ተማሪ አለው። አንድ ለአምስት አደራጅቼ ሞክሬው በየቡድኑ አንዱ ጎበዝ ሲሠራ የቀሩት ገለበጡ፤ ተማሪን ክብ ሠርቶ ማስቀመጥ በራሱ ዘዴ አይደለም። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ስለሆነ ማረጋገጫ መጻፍን አይጠይቅም፤ ይህንንም ተማሪዎቹ ከእኛ በፊት ያውቃሉ። ደግሞስ «ኢንስክራይብድ አንግል» (ጫፉ ክቡ ላይ ያረፈ ዘዌ) የሚለውን ያልተረዳ ልጅ የሚጠላው ጂኦሜትሪውን ይሁን እንግሊዝኛውን በምን እንለያለን? እኔ ሐሳቡን በአማርኛ ካስጨበጥሁ በኋላ ነው ስሙን የምሰጠው።

መልስ፦ የግንባታ ፎርማን
መምህር ባልሆንም የዚህ ነገር ተጎጂ ነበርሁ። ከትምህርት ቤት የፓይታጎረስን ቀመር በቃሌ ይዤ ወጣሁ፤ ምን እንደሚፈይድ ግን አላውቅም ነበር። ሥራ ስጀምር አንድ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ግንበኛ የመሠረት ጥግ ሲያወጡ፣ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው ምልክት ካደረጉ በኋላ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር እስኪሆን ችካሉን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ። «አሁን ስኳድራ ነው» አሉ፤ ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ ሆነ ማለታቸው ነው። ያን ዕለት ማታ የድሮ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የክዳኑን ሥራ ሰኞ በቡድን ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነው በየመቀመጫቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። የደብተሩ ጥግ የሚያሳየው የቲዎረሙን ግልባጭ፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ ዲያሜትር የሚሄደውን፣ መሆኑን ግን ቀድሜ አልነግራቸውም፤ ያቺ ተማሪ ራሷ ትደርስበት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።