ብሩ ደርሷል፣ ጤፉ ግን አልደረሰም፦ በኮሮና ጊዜ ደሴ ያሉ ወላጆቻችን

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? እናቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ብቻዋን ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ግፊትም አለባት። እኔ ጋ ነይ ብላት አሻፈረኝ አለች። እንደ ኮሮናው ጊዜ መንገድ የሚዘጋ፣ ሰው ቤቱ የሚያስቀምጥ ነገር ደግሞ ቢመጣ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? የምልክላትን ብር ልጨምር? ወይስ ካሁኑ ጎተራዋን ላስሞላ? እዚያው የነበራችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ አብሽር። እኔ ሜሪላንድ ብዙ ዓመት ኖሬ፣ ኮሮና ሊገባ ሲል ነው ጠቅልዬ ደሴ የተመለስኩት። ላኪም ተቀባይም ሆኜ አይቼዋለሁ። ያኔ ልጅ ውጭ ያለው ቤት ብር ብዙም አልቸገረውም። የቸገረው ያንን ብር ይዞ ገበያ፣ ፋርማሲና ባንክ የሚሄድ ሰው ነው።

መጋቢት 4፣ 2012 የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ሲባል፣ እዚህ ፒያሳ ላይ ቀድመው የተወደዱት ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ናቸው። ጤና አዳም ከየጓሮው ተቀንጥሶ አለቀ። አልኮልና ሳኒታይዘር ስትጠይቅ መልሱ "አልቋል" ነው። ትምህርት ቤት ወዲያው ተዘጋ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ ጫኑ፣ ታሪፉ ጨመረ። ክልሉ ከከተማ ከተማ የሚሄደውን መኪና ያቆመበት ጊዜም ነበር። ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የተባለው በነባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ነው። እኛ ጋ ሱቁ ክፍት ነበር፣ ሰዉ ግን ፈርቷል።

አሁን እናትህን አስባት። "አዛውንቶች አትውጡ" ተብሏል። የምታግዛት ልጅ መኪና ሳይቋረጥ ብላ ገጠር፣ እናቷ ጋ ገብታለች። አንተ ከዚያ ብር ልከህ "ደርሷል ወይ?" እያልክ ትደውላለህ። ስልኩ ገና ከመጥራቱ በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን መልእክት ሰምተህ ትጨርሳለህ (ትዝ ይላችኋል አይደል? አንዳንዴ ካርዱ አልቆ ነው ሰው የሚያነሳው)። ብሩ ደርሷል። ግን ባንክ ማን ይሰለፍላት? ሰኞ ገበያ ማን ይውረድላት? ጤፉን ማን ያስፈጭላት? ጎረቤት አለ፣ ወሎ ነው፣ ጎረቤት አይጠፋም። ግን ጎረቤትም በዚያ ሰሞን "በሽታ እንዳላስገባባቸው" እያለ በሩቅ ሰላምታ ነበር የሚሰጠው።

እኛ ሰፈር ችግሩን የፈቱት ባለሱቁ ጋሼ ናቸው። በሩ ላይ ሲባጎ ወጠሩ። ከሲባጎው ወዲህ ቆመህ ትጣራለህ፣ ብሩን በረኪና የተረጨ ጨርቅ በተነጠፈበት የቆርቆሮ ሳህን ላይ ታስቀምጣለህ፣ መልሱንም ከዚያው ታነሳለህ። የዱቤ ደብተራቸው ግን ከሲባጎው ይልቅ ጠቅሟል። አንድ የሰፈራችን ልጅ ዳላስ ሆኖ ብሩን በእናቱ ስም መላክ ተወ። በቀጥታ ለባለሱቁ ያስገባል፣ ባለሱቁ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ምስር እየመዘኑ በልጃቸው ይልካሉ። ደብተሩ ላይ የእናትየው ስም እንኳ የለም። "የዳላሱ እናት" ይላል፣ ከሥሩ ተደርድሯል። ዘይት ከገበያ በጠፋበት ሰሞን ሸማቾች በር ላይ ሰው ሲንጋጋ፣ እኚህ ሴትዮ ድርሻቸው ቤታቸው ይመጣ ነበር። ደንበኛ ናቸዋ! ባለሱቅ ዕቃ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስበው ደንበኛውን ነው። ስለዚህ ብር ከመጨመርህ በፊት ባለሱቅ ፈልግ።

መድኃኒቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ታማሚ መቀበያ ሆኖ ነበር። ሰው ቦሩ ሜዳን ብቻ ሳይሆን ሐኪም ቤት የሚባለውን ሁሉ ፈራ። ግፊትና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ክትትላቸውን ተዉ፣ ክኒን ሲያልቅ "ትንሽ ልታገሥ" አሉ። ኮሮና ሳይነካቸው በዚያ የተጎዱ አውቃለሁ። እናትህ የምትወስደውን መድኃኒት ስሙንና መጠኑን በወረቀት ጻፍ፣ ፎቶውንም ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ሐኪሟን አስጠይቅና የሚፈቅድ ከሆነ የሁለት ሦስት ወር ቤት ይኑራት። ከአሜሪካ ሻንጣ ሙሉ ቫይታሚን መላኩን ለጊዜው ተወው።

ጎተራ ስላልከው፦ ጤፍና በርበሬ ቢቀመጥ አይጎዳም፣ እነሱም ድሮውን የሚያደርጉት ነው። ጥሬ ብር በሣጥን ማስቀመጥን ግን አደራ። መስከረም 4፣ 2013 መንግሥት የብር ኖት ሲቀይር፣ እናቶቻችን በዚያ ሁሉ ወረርሽኝ መሃል የድሮ መቶና ሃምሳ ብራቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ባንክ በር ላይ ተሰለፉ። አትውጡ ስንላቸው ከርመን ማለት ነው።

ለቅሶውን ግን ምንም ልታዘጋጅበት አትችልም። የኛ ቅሬ (እድራችን) ድንኳን መትከል አቆመ። ሰው ሞቶ ቀብሩ ላይ ጥቂት ሆኖ መቆም፣ ከዚያ በየቤት መበተን። ረመዷኑ ያለ ተራዊህ ሰላት አለፈ፣ ፋሲካም ሰዉ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን አስቀደሰ። ዒድ ሲሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ምግቡን በር ላይ ተቀብለው ሳይገቡ ተመለሱ። ይሄ ደሴ ላይ ከዘይቱ መጥፋት በላይ ከብዷል።

መልስ፣ ከጅዳ

ወንድሞቼ፣ ስለ ላኪውም አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ያላችሁት በዚያ ዓመት ሥራ ስትፈቱ ድጎማ ነበራችሁ። ኡበር የሚነዳው ሳይቀር በሳምንት 600 ዶላር ጭማሪ ያገኘበት ጊዜ ነበር። እኛ ሰው ቤት የምንሠራው ግን አሠሪ "ደመወዝ የለም" ካለ የለም ነው። ቤሩት የነበሩ እህቶቻችንን በ2012 ሰኔ አሠሪዎቻቸው ቆንስላው በር ላይ እየጣሏቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ከሳዑዲ በሺዎች ተባረሩ፣ አገር ሲገቡ ደግሞ ለይቶ ማቆያ። ከነሱ ውስጥ የወሎ ልጅ ስንቱ ነው!

እናቴ ኮምቦልቻ ናት። ከኔ ምንም ሳይደርሳት ወራት አለፉ። የቆየችው በጎረቤቷ ልጅ ነው፣ አሜሪካ በሚኖረው። ለእናቱ ሲልክ "ለእትዬም ስጫት" ይል ነበር። ስለዚህ እናንተም ለእናታችሁ ስታዘጋጁ አጠገቧ ያለችውን፣ ልጇ ዐረብ አገር የሆነችባትን ጎረቤት አትርሱ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ ልክ ብላለች። እዚህም ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከፋብሪካው የሚኖር ተከራይ ብዙ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ኪራይ የተዉ አከራዮች ነበሩ፣ ያልተዉም ነበሩ። በባቲ በኩል ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮችን ሰው እንደ በሽታ ሸሻቸው፣ ምግብ ቤት እንኳ እንቢ ያላቸው ነበር። የምንበላውን የሚያመጡት እነሱ ሆነው!

አንድ ልጨምር፦ አሁን ቴሌብር አለ፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ። ባለሱቁ በሱ ይቀበላል፣ ጥሩ ነው። ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ። በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስልኩም ባንኩም ጠፋ። ያኔ የሠራው ዱቤ ብቻ ነበር፣ እሱም ለሚያውቁት ሰው።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሆጤ ባለሱቅ አላጣም። ግን የማላውቀው ሰው ብሬን ተቀብሎ ዝም ቢለኝስ?

መልስ፣ ከደሴ

ለዚህ ነው ካሁኑ ጀምር የምልህ። ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ባለሱቅ አያነሳም። በዚህ ወር የሳሙናና የስኳር ብቻ አስገባ። እናትህ ራሷ ትምረጠው፣ ሰፈሩን የምታውቀው እሷ ናት። ደብተሩን በወር መጨረሻ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ እሷም የደረሳትን በስልክ ታነብልህ። ሁለቱ ከተገጣጠሙ በሚቀጥለው ወር ጤፍ ጨምርበት። የሚያመላልሰውን ልጅም አትርሳ፣ ለሱ ለብቻ የካርድ ላክለት። የእህታችንን ነገር ደግሞ ለባለሱቁ ንገረው፦ በእናትህ ገጽ ሥር ለጎረቤቷ አንድ መስመር ይክፈትላት።