ከፓሪስ ወደ ሞኔ ቤት ደርሶ መልስ፦ እናቴን ይዤ ልሂድ?

የታቦር ግርጌ፣ ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። በግንቦት አጋማሽ የእህቴ ሠርግ ስላለ ከእናቴ ጋር ፓሪስ እንሄዳለን። የምንቆየው ስምንት ቀን ነው። ሰባቱ ለሠርጉና ለዘመድ ተይዟል። አንዷን ቀን ግን ለምኜ ለራሴ አስቀርቻለሁ። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ የኖረበትን ቤትና አትክልት ስፍራ፣ ዢቨርኒን ማየት እፈልጋለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እዚህ ሐዋሳ ለልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ካላንደር ይዞ መጣ። አረንጓዴ ድልድይ፣ ከሥሩ ኩሬ፣ ኩሬው ላይ የተንሳፈፈ አበባ። ዓመቱ ሲያልፍ ቀኖቹን ቀደን ሥዕሉን ሳሎን ሰቀልነው። የሞኔ ሥራ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «የአባታችሁ ድልድይ» ነው የምትለው።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አምና አንድ ዓይኗን የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። መንገዱን ትችለዋለች? ቤቱ ውስጥስ የእጁን ሥዕሎች እናያለን? ዘመዶቻችን «ለአበባ ብላችሁ ቀን አታቃጥሉ» እያሉ ነው።

አሞራ ገደል

እህቴ፣ ሂዱ። እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ፓሪስ በተማርኩባቸው ዓመታት ዢቨርኒ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ።

መንገዱ አያስቸግርም። ከሳን ላዛር ጣቢያ ባቡር ትይዙና ቨርኖን ላይ ትወርዳላችሁ፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ለጎብኚ የተዘጋጀ አውቶቡስ አለ። የቀረው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ቀን በእግሬ ሄጄ ስደርስ ሰልፉ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ግዙና ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረሱ። አርፍዳችሁ ከሄዳችሁ ድልድዩ ላይ መቆሚያ አታገኙም።

ቤቱ ውስጥ የተሰቀሉት የሞኔ ሥዕሎች ቅጂዎች ናቸው። ይህን ቀድመሽ እወቂው፤ እኔ ሳላውቅ ሄጄ ከፍቶኝ ነበር። ልብ ብለሽ የምታዪው እሱ ራሱ የሰበሰበውን፣ በእንጨት ተቀርጾ የሚታተመውን የጃፓን ሥዕል ነው። ግድግዳው ሙሉ ነው። እነሱን አይተሽ ወደ ኩሬው ስትሻገሪ ድልድዩ ከየት እንደመጣ ይገባሻል። ቢጫው የመመገቢያ ክፍልና ሰማያዊ ሸክላ የለበሰው ወጥ ቤትም ያምራሉ።

ዋናው ግን ኩሬው ነው። ሞኔ ዢቨርኒ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1883 ተከራይቶ ነው። ቤቱን በ1890 ገዛው። በ1893 ከመንገዱ ማዶ ያለውን መሬት ጨመረበት። ውሃ ጠልፎ ኩሬ ሊሠራ ሲነሣ የአካባቢው ሰዎች ተቃወሙት፤ የባዕድ ተክሉ ውሃችንን ይመርዝብናል ብለው ፈሩ። በኋላ የመኪና አቧራ ቅጠሉ ላይ እንዳያርፍ መንገዱን በራሱ ገንዘብ ሬንጅ አስቀባ። በጀልባ እየዞረ ቅጠሎቹን የሚያጸዳ አትክልተኛም ነበረው። ሰውየው የሚስለውን ነገር መጀመሪያ ተክሎ ነው ያሳደገው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። እኛ ሐይቁን ተወልደን ያገኘነው፣ ደንገሉን ስንት ቀን ቆመን አይተነዋል?

የውሃው አበባ በግንቦት ገና ነው፤ በብዛት የሚፈነዳው ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ነው። ድልድዩ ላይ የሚንጠለጠለውን ሐምራዊ ሐረግ፣ ዊስቴሪያን፣ ግን ትደርሱበት ይሆናል። ወደ ኩሬው የሚያሻግረው በመንገዱ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ደረጃ ስላለው እናትሽን ቀስ አድርገሽ ያዣቸው።

ደግሞ የእሳቸውን ዓይን ስላነሣሽ፦ ሞኔም ሞራ ነበረበት። በ1912 ታወቀ፣ ቀኝ ዓይኑን በ1923 ተሠራ። ዓይኑ በደከመ ጊዜ የሣለው ያው ድልድይ ቀይና ቡናማ ነው፤ እሳት የያዘው ይመስላል። ማርሞታን ሙዚየም ፓሪስ ውስጥ አለ፣ እዚያ ታዪዋለሽ። ሰኞ ዝግ ነው።

ሰባተኛ ፎቅ

እኔ ትንሽ እለያለሁ። ጉልበት የሚያማቸውን እናት ሰው በታጨቀበት ጠጠር መንገድ ከማንከራተት ኦራንዠሪ ሙዚየም ይሻላል፤ እዚያው ፓሪስ መሀል ነው። ሞኔ ለመንግሥት የሰጣቸው ስምንት ግዙፍ የኩሬ ሥዕሎች በሁለት ሞላላ አዳራሾች ተዘርግተዋል። ቁመታቸው ሁለት ሜትር ነው። መሀል ላይ መቀመጫ አለ። ሞኔ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1926 አርፎ አዳራሹ የተከፈተው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ተከፍቶ አላየውም። ማክሰኞ እንዳትሄዱ፣ ዝግ ነው።

የአዳማ ልጅ

እኔ ፓሪስን አላውቅም። ግን ሠዓሊ የራሱን ቤት እንደ ሥራው አድርጎ ሲያንጽ ስሰማ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌና ቤቱ ቪላ አልፋ ትዝ ይሉኛል። ለተማሪዎችሽ ሁለቱን አንድ ላይ ብታነሺላቸው ደስ ይለኛል።

የታቦር ግርጌ፣ ከሐዋሳ

ከሁለት ወር በኋላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ። ሄድን! አሞራ ገደል፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። በሩ ሲከፈት ደረስን። ደረጃውን እናቴ እጄን ይዛ ወረደች። ዊስቴሪያው እየረገፈ ነበር፤ አይሪስ የሚባለው አበባ ግን በየመደቡ ሙሉ ነበር።

ኩሬው ዳር አግዳሚ ወንበር አገኘንና አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በመዳፏ አንዱን ዓይኗን ሸፈነች። ቆየት ብላ ሌላኛውን ሸፈነች። ምን ሆንሽ ስላት «በዚህኛው ውሃው ሰማያዊ ነው፣ በዚያኛው ሻይ መስሏል» አለችኝ። ሻይ የመሰለው ባልተሠራው ዓይኗ ነው። ስለ ሞኔ ዓይን የነገርከኝን እዚያው ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ «ታዲያ የአባታችሁን ድልድይ በየትኛው ዓይኑ እያየ ነው የሣለው?» ብላ ጠየቀች።

በማግስቱ ማርሞታን ይዣት ሄድኩ። ቀዩ ድልድይ ፊት ከእኔ የበለጠ የቆመችው እሷ ናት።