ለአሸንዳ የሚሆን ስስ ላሜራ በቤት ውስጥ እንዴት ይቆረጣል?

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ክረምቱ ሳይገባ ለቤቴ አሸንዳ ልሠራ አስቤ ዚንክ የተለበጠ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ገዝቻለሁ። በእጄ ያሉት የቆርቆሮ መቀስ፣ ሴጌቶ፣ ትራፓኖና ግራይንደር ናቸው። በሴጌቶ ስሞክረው ላሜራው እየተንቀጠቀጠ ጥርሱን ይይዘዋል፤ ግራይንደሩን እንዳልጠቀም ደግሞ ግቢው ጠባብ፣ ልጆችም የሚመላለሱበት በመሆኑ ፍንጣሪው ያሰጋኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ (ፒያሳ)፦
ለዚህ ውፍረት መቀሱ ይበቃዎታል፤ ግራይንደሩን ይተዉት። የዲስኩ ሙቀት የጠርዙን ዚንክ ስለሚያቃጥለው ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ከዚያው ጠርዝ መዛግ ይጀምራል፤ ጭሱንም መተንፈስ ለጤና ጎጂ ነው። መስመሩን በማርከር ያስምሩ እንጂ ልባጡን በሚስማር አይጫሩት። መቀሱን እስከ ጉሮሮው አስገብተው ይቁረጡ፤ ሆኖም ጫፎቹ እስኪገናኙ ድረስ አይዝጉት፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቁጥር በጠርዙ ላይ እንደ እሾህ የቆመ ስንጣሪ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ እጅ የሚቀደደውም በመቀሱ ሳይሆን በዚህ ነው። የቆዳ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ።

መልስ (ማራኪ)፦
በሴጌቶ የተቸገሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለው ምላጭ እንኳ በጥርስና በጥርስ መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ስላለው ስሱ ላሜራ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይነከሳል። መቀስ የማይደርስበት ቦታ ካጋጠመዎት ላሜራውን በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል አድርገው በሞርሳ አጥብቀው ይሰሩትና ከእንጨቱ ጋር አብረው ይቁረጡት፤ ያን ጊዜ አይንቀጠቀጥም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመውረጃ ቱቦው የሚገባበትን ክብ ቀዳዳስ እንዴት ላውጣ?

መልስ (ፒያሳ)፦
ላሜራውን ከሥሩ ጣውላ አድርገው ከጠረጴዛው ጋር ይሰሩት፤ ከዚያ በክቡ መካከል በትራፓኖ ይብሱት። እዚህ ላይ ጓንቱን ያውልቁ፤ የሚሽከረከር መብሻ ጓንት ከያዘ እጅንም ይዞ ይጠመዝዛል። ላሜራውንም በእጅ ይዘው ለመብሳት አይሞክሩ፤ መብሻው ሊበሳ ሲል ነክሶት ያሽከረክረዋል። ቀዳዳውን መቀስ እስኪያስገባ ካሰፉት በኋላ ጓንቱን መልሰው፣ በጠማማ መቀስ ከመካከል እየዞሩ ወደ መስመሩ ይውጡ። ጠርዙን በደቃቅ ሊማ ያለስልሱት፤ ቁርጥራጩንም ልጆቹ ወደ ግቢው ሳይወጡ ጠርገው በጣሳ ይሰብስቡት።